መኪናችሁ ቤንዚን ቤንዚን ሲሸት፦ ምንጩን ፈልጎ የማግኛና የመጠገኛ መመሪያ

ጤነኛ መኪና ቤንዚን አይሸትም። ነዳጁ ከሳልባትዮ (ከነዳጅ ታንኩ) ተነስቶ ሲሊንደር ውስጥ እስኪቃጠል ድረስ የሚጓዘው በተዘጋ መስመር ነው። ትነቱ እንኳ ሜዳ ላይ እንዳይቀር የሚይዝለት ማጠራቀሚያ አለው። ስለዚህ ሽታው አፍንጫችሁ ጋ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ተከፍቷል ማለት ነው። «መኪናው አሮጌ ስለሆነ ነው» የሚባለው ሰበብ ነው። አሮጌ መኪናም ጎሚኒዎቹ (እንዳያፈስ የሚዘጉት የጎማ ማሸጊያዎች) በጊዜ ከተቀየሩለት አይሸትም።

ነገሩ ወደፊት የበለጠ ያጋጥመናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ፣ ዛሬ መንገድ ላይ የምናያቸው ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ቱቦዎቻቸውና ጎሚኒዎቻቸው ግን አብረዋቸው ያረጃሉ፣ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ።

ብዙ ሰው ጋራዥ ሄዶ «ቤንዚን ይሸተኛል» ብቻ ይላል። መካኒኩም ኮፈን ከፍቶ ማሽተት ይጀምራል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ «መቼ ነው የሚሸተው?» ብሎ መጠየቅን ነው። ሰዓቱን ካወቃችሁ ቦታውን ግማሽ አገኛችሁት። ዕቃ በግምት እየቀያየሩ ገንዘብ መጨረስም ይቀራል።

ከመንካታችሁ በፊት

የቤንዚን ትነት ቅዝቃዜ አያግደውም፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። አየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከአየር ስለሚከብድም ወደ ላይ ተነስቶ አይበተንም፤ መሬት ላይ ይተኛል፣ የጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። አፍንጫችን ትነቱ አደገኛ መጠን ላይ ከመድረሱ ብዙ ቀድሞ ያሸተዋል። ችግሩ ቶሎ መልመዱ ነው። «ጠፋ መሰለኝ» ስትሉ ራቅ ብላችሁ ንጹህ አየር ወስዳችሁ ተመለሱ።

እየነዳችሁ ሽታው በድንገት ከበረታ ዳር ይዛችሁ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ። ፈሳሽ ሲንጠባጠብ ካያችሁ መልሳችሁ አታስነሱት። በእጅ ይገፋ ወይም ይጎተት።

ግቢ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የቡናው ከሰል ይራቅ። ሲጋራም እንደዚሁ። በሽቦ የሚንጠለጠል አምፖል አትጠቀሙ፤ ወድቆ ሲሰበር የጋለው ክር ራሱ እሳት ነው። የባትሪ ኤልኢዲ መብራት ይሻላል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር፤ ውሃ የሚነድ ቤንዚንን ያሰራጨዋል እንጂ አያጠፋውም። ጓንት አድርጉ፤ ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዝን የሚባል ንጥረ ነገር ካንሰር ያመጣል። በአፍ እየመጠጡ በቱቦ መቅዳትም ይቅር። ወደ ሳንባ ያለፈ ጥቂት ቤንዚን ሆስፒታል ያስተኛል።

ሞተሩ ጥፋት የሌለበት ሽታ

አንዳንዱ ሽታ ከመኪናው መስመር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የኋላ ኮፈን ውስጥ ጀሪካን ተጭኖ ነበር? ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን ብዙ መኪና በዚህ መንገድ ነው ምንጣፉ የሚበላሸው። ማደያ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ጫማችሁ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ ጋራዥ ነው፤ ሞተርና ዕቃ በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ስለሆነ ከጥገና የወጣ መኪና ሊሸት ይችላል። ያ ሽታ በአንድ ሁለት ቀን ካልጠፋ ግን የታጠበው ሞተር ሳይሆን የተነካ ቱቦ ነው የሚሸተው።

መቼ ነው የሚሸተው?

ሞልታችሁ ከማደያ ስትወጡ ከጀመረና ነዳጁ ሲቀንስ ከጠፋ፣ ምንጩ የሳልባትዮው የላይኛው ክፍል ነው፦ ክዳኑ፣ የመሙያው አንገት፣ ወይም ፓምፑ የተቀመጠበት ጎሚኒ። ነዳጁ እነሱ ጋ ሲደርስ ነው የሚወጣው።

ጠዋት በብርድ ብቻ ሸቶ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ፣ ኢንጀክተሮቹ (ነዳጁን ወደ ሞተር የሚረጩት) ላይ ያሉትን ቀለበት ጎሚኒዎችና የቱቦ ጫፎችን ጠርጥሩ። ጎሚኒ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲሞቅ ተመልሶ ይገጥማል። ከጭስ ማውጫው ብቻ ለአፍታ የሚሸት ከሆነ ግን አትጨነቁ። ሞተር በብርድ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ነዳጅ ይጨምራል።

ሞተሩ ሞቆ ካጠፋችሁት በኋላ የሚመጣ ሽታ በካርቡሬተር መኪና ላይ (ነዳጁን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የድሮ ዕቃ ባለው) የታወቀ ነው። ከሥሩ ያለው ሙቀት ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ያፈላዋል። ኢንጀክሽን በሆነ መኪና ላይ ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶም መስመሩ ግፊት ስለሚይዝ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የላላ ማሰሪያ ሊኖር ይችላል።

ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲውል ብቻ ከሆነ ወደ ትነት ማጠራቀሚያው ተመልከቱ። እየሄዳችሁ መስኮት ስትከፍቱ ብቻ ከሆነ ወደ ጭስ ማውጫው። ሌሊቱን አድሮም፣ ቆሞም፣ ሄዶም የሚሸት ከሆነ ደግሞ ፈሳሽ እየወጣ ነው፤ ያ መኪና ዛሬ መንገድ አይውጣ።

ከፍታው ራሱ የሚያመጣው ነገርም አለ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ነዳጅ እዚህ በቀላሉ ይተናል። አዋሽ ሙቀት ውስጥ የዋለ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ሳልባትዮው ውስጥ የታመቀው ትነት፣ የውጩ ግፊት እየቀነሰ በሄደ ቁጥር መውጫ ይፈልጋል። ክዳን ስትከፍቱ ትንሽ «ፍስስ» ቢል ጤና ነው። ረጅም ትንፋሽ ከሆነና ሁልጊዜ ከመጣ ግን የትነቱ መውጫ ተደፍኗል። ካርቡሬተር ያለው መኪና ደግሞ ለቆላ ተስተካክሎ ደጋ ሲመጣ አየር ያንሰዋል፤ ነዳጁ ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል፣ ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ይጠቁራል። የሚያስፈልገው ዕቃ መቀየር ሳይሆን ድብልቁን ማስተካከል ነው።

ፍለጋው፦ ከርካሹ ወደ ውዱ

ማታ ከመኪናው ሥር ንጹህ ካርቶን ዘርጉና ጠዋት በማለዳ ተመልከቱት። ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን አርፍዳችሁ ከደረሳችሁ የምታገኙት ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ብቻ ነው። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ከምንጩ በታች ላይሆን ይችላል፤ በብረቱ ላይ ተንሸራትቶ ዝቅ ካለው ቦታ ነው የሚወርደው። የአየር ማቀዝቀዣው ውሃም ስለሚያንጠባጥብ ሳታሸቱ አትደንግጡ።

ቀጥሎ ክዳኑ። ጎሚኒ ቀለበቱን አጥፋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ሲዘጋ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ የደረቀ ከመሰላችሁ ሳትከራከሩ ቀይሩት፤ የመኪና ዕቃ ገበያው ሶማሌ ተራ ሂዳችሁ ስትገዙ ግን አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ክዳኑ ውስጥ ቫልቭ ስላለ «ገጠመ» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም። መኪናውን ኮምፒውተር ላይ ስታስነብቡ ፒ0455 ወይም ፒ0457 የሚል ኮድ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ክዳን ነው። ከተቀየረ በኋላ ዳሽቦርድ ላይ ያለው መብራት ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፤ ጥቂት ቀን መንዳት ይፈልጋል።

ከክዳኑ እስከ ሳልባትዮው የሚወርደው አንገት በኋላ ጎማው አካባቢ ስለሚያልፍ ጭቃ ይበላዋል። የብረቱን ዝገትና የጎማ መገጣጠሚያውን በመብራት እዩ። እግረ መንገዴን፣ ማደያ ላይ መቅጃው ቀጭ ብሎ ሲያቆም በቃ ይበላችሁ። «ሂሳቡን ሙሉ አድርገው» እያሉ እስከ አፉ ማስሞላት ፈሳሹን ወደ ትነት ማጠራቀሚያው ያሳልፈዋል። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ከሰል ትነት ለመያዝ እንጂ ፈሳሽ ለመጠጣት አልተሠራም። አንዴ ከራሰ ተመልሶ አይረባም።

አሁን የኋላ ወንበር። በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ መቀመጫው ሲነሳ ከሥሩ ክብ ክዳን ይገኛል። ከዚያ ሥር ያለው የነዳጅ ፓምፑ ራስ ነው። ዙሪያው ያለው አቧራ ደረቅ መሆን አለበት። ከራሰና ከጠቆረ ምንጩን አገኛችሁ፤ ካቢን ውስጥ ለሚበረታ ሽታ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ይህን ነው። ጎሚኒውን ለመቀየር ሳልባትዮው ከግማሽ በታች ይሁን። ማሰሪያ ቀለበቱን በካቻቢቴና በመዶሻ እየቀጠቀጡ መፍታት እዚህ ቦታ ላይ ብልጭታ መፈለግ ነው፤ እንጨት ወይም ናስ ተጠቀሙ። አዲስ ጎሚኒ ግጠሙ፤ ያበጠውን አሮጌ መልሶ መግጠም አይሆንም። ተራ ሲሊኮን መቀባትም አይሠራም፤ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይላቀቃል።

ከዚያ ወደ ሞተር። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ሳያስነሳ ዳሽቦርዱ እስኪበራ ድረስ ብቻ ያዙር። ብዙ መኪና ላይ ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ሲጮህ ትሰማላችሁ፤ መስመሩ ግፊት ያዘ ማለት ነው። ደጋግማችሁ አስደርጉና ኢንጀክተሮቹን የሚያያይዘውን ቧንቧና የቱቦ ጫፎቹን ሁሉ በመብራት እዩ። ንጹህ ሶፍት በየመገጣጠሚያው ነክታችሁ አሽትቱ፤ ዓይን ያላየውን እርጥበት ሶፍቱ ይናገራል። አንዳንድ አሮጌ ቶዮታዎች ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ካልዞረ ፓምፑን አያስነሱም። በዚያ ጊዜ ፈሳሽ እንደሌለ ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ለአጭር ጊዜ አስነስቶ ማየት ነው።

ኢንጀክተር ሥር ከራሰ ጎሚኒዎቹን በሙሉ አንድ ላይ ቀይሩ። አንዱ ከደረቀ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ትንሽ ንጹህ የሞተር ዘይት ቀቧቸው፤ በደረቁ ከገቡ ተቆርጠው ይገባሉ። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ አዳዲስ ሞተሮችን በቤት አትንኩ። የተለመደው ኢንጀክሽን ከ3 እስከ 4 ባር ሲሆን እነዚህ ከ100 ባር በላይ ናቸው። ቆዳ ይበሳሉ።

የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ሞተሩ ላይ ከሆነ ወደ አየር ማስገቢያው የምትሄደዋን ቀጭን ቱቦ ንቀሉ። ውስጧ ቤንዚን ካለ መቆጣጠሪያው ተቀዷል፤ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው። ካርቡሬተር ካለው ደግሞ ነዳጁን የሚዘጋው መርፌ በቆሻሻ ተይዞ ሞልቶ እየፈሰሰ እንደሆነ፣ በሞተር የሚነዳው ፓምፕም ከታች ባለችው ቀዳዳ እያንጠባጠበ እንደሆነ ተመልከቱ።

ያልተቃጠለ ነዳጅ የሚሸትበት ሌላ መንገድ አለ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ አሽትቱ። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተና ከፍ ካለ፣ ነዳጅ በሲሊንደር በኩል ወደ ታች እየወረደ ነው። የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል፤ መንስኤው እስኪጠገንና ዘይቱ እስኪቀየር አትንዱት። ካንዴላዎቹን ፍቱ። አንዱ ብቻ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ያ ሲሊንደር አይሠራም፤ ቤንዚኑን ጥሬውን ወደ ጭስ ማውጫ እየላከ ነው። ካታሊስቱ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ) የተነቀለለት መኪና ደግሞ ይህን ሽታ የሚያጠፋለት ነገር የለውም።

ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ እንደሆነ ለማወቅ የኋላ በሩ ላይ ወረቀት አስይዛችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ትግል ከወጣ የበሩ ጎሚኒ አልቋል። ይህን አትናቁት፤ ከሽታው ጋር አብሮ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ ግን ይገድላል።

የትነት ማጠራቀሚያውና ቫልቩ የመጨረሻ ናቸው። ነዳጅ ከሞላችሁ በኋላ መኪናው አልነሳ እያለ የሚያስቸግር ከሆነ ትነቱን ወደ ሞተር የሚለቀው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ፈትታችሁ ንፉበት፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ አየር ማሳለፍ የለበትም።

ቱቦ መቀየር

አብዛኛው ፍለጋ የሚያልቀው ቱቦ ላይ ነው፤ ብዙ የተበላሸ ሥራ የማየውም እዚሁ ላይ ነው። በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. የፓምፑን ፊውዝ ወይም ሪሌይ ንቀሉና ሞተሩን አስነሱት። መስመሩ ላይ ያለውን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። ለጥቂት ሰከንድ እንደገና ሞተሪኖውን አዙሩ። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ።

2. ከሥር የብረት ዕቃ አስቀምጡ፣ መገጣጠሚያውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቱ። ግፊቱ ወጣ ቢባልም ትንሽ ይፈሳል። የተጣበቀ ቱቦ በጉልበት አትጎትቱ፤ ርዝመቱን በቢላ ሰንጥቃችሁ ላጡት። ከሥሩ ያለው ቧንቧ ከተጣመመ ሥራው ይበዛል።

3. አዲሱ ቱቦ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለኢንጀክሽን ኤስኤኢ ጄ30 አር9 የሚል (የነዳጅ ቱቦ ደረጃ ምልክት ነው)፣ ለካርቡሬተር አር7 ይበቃል። የውሃ ወይም የአየር ቱቦ፣ እንዲሁም ያቺ ግልጽ ፕላስቲክ፣ ለጥቂት ሳምንት ያገለግሉና ደርቀው ይሰነጠቃሉ። የውስጥ ስፋቱ ከቧንቧው ጋር እኩል ይሁን፤ ሰፊ ቱቦ በማሰሪያ ጨብጦ ማጥበብ አይቻልም።

4. ቱቦውን የቧንቧው ጫፍ ላይ ያለውን እብጠት እስኪያልፍ ግፉት። ማሰሪያው ከእብጠቱ ወደ ኋላ ይቀመጥ። ለኢንጀክሽን ዙሪያውን እኩል የሚይዘው፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነው ማሰሪያ ነው የሚሻለው። በሽቦ ጠምዝዞ ማሰርን ስታዩ መካኒክ ቀይሩ።

5. ፊውዙንና ባትሪውን መልሱ። ሳታስነሱ ቁልፉን ደጋግማችሁ አዙራችሁ በሶፍት ፈትሹ። ከዚያ አስነሱ። ሞተሩ ሲሞቅ አንዴ ደግማችሁ ፈትሹ።

ፋብሪካው በፕላስቲክ መጋጠሚያ ያያያዘውን ቧንቧ ቆርጦ ጎማ መቀጠል አይሠራም። መጋጠሚያውን ራሱን ቀይሩ።

ሳልባትዮው ሲያፈስ

የሾፌሮች ዘዴ ሳሙና ነው። ደረቅ ሳሙና ስንጥቁ ላይ ሲፈገፈግ ቤንዚን ስለማያሟሟው ይይዛል። ጋራዥ ድረስ ያደርሳል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ይታጠባል። ጥገና ነው ብሎ ወር የሚነዳበት ሰው አለ፤ እሱ አጠገብ መኪና አታቁሙ። ለመርፌ ቀዳዳ ለሳልባትዮ የተሠራ ኤፖክሲ ይበቃል። ለዛገ ብረት ብየዳ ያስፈልጋል፤ አደጋውም ያኔ ይጀምራል። ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉ ይልቅ የሚፈራው ውስጡ ትነትና አየር የተቀላቀለበት ስለሆነ ነው። «ቤንዚኑን ደፍቼዋለሁ» አይበቃም። ተፈትቶ በሚገባ ታጥቦ፣ ትነቱ እንደሌለ ተረጋግጦ፣ በሚያውቅ ሰው ነው የሚበየደው። ፕላስቲክ ከሆነ ቀይሩት።

ምንጣፉ ላይ የቀረው

ምንጩ ከተጠገነ በኋላም ካቢኑ ሊሸት ይችላል። ምንጣፉን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ በሮቹን ክፈቱ፣ የቀረውን ቦታ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አሳድሩና ጥረጉት። ሽቶ መስቀል ሽታውን ከመሸፈን በቀር አይጠቅምም፤ ሌላ ፍሳሽ ቢመጣም እንዳታሸቱ ያደርጋችኋል። ዕጣን የሚያጨስም አይጠፋም። ቤንዚን የጠጣ ምንጣፍ ላይ ከሰል ይዞ መቅረብ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ጋራዥ ከወሰዳችሁት

ለመካኒኩ «ሙሉ ስሞላው ለሁለት ቀን የኋላ ወንበር አካባቢ ይሸታል» ብላችሁ ንገሩት፤ «ይሸተኛል» ብቻ አትበሉ። ምንጩን በዓይናችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሳያሳይ «ኢንጀክተር እናጥበው» ካለ ገና አላገኘውም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፤ ስንጥቁ እጃችሁ ላይ ይታያል።

ስትረከቡ ደግሞ ሽታው ይመጣ በነበረበት ሁኔታ ሞክሩት። ጠዋት በብርድ የነበረ ከሆነ አድሮ ይነሳ። ሲሞቅ ከሆነ ጥቂት ነድታችሁ አጥፉትና ኮፈኑ አጠገብ ቁሙ። ሲሞላ ይሸት የነበረ መኪና ሩብ ነዳጅ ይዞ «ተስተካክሏል» ከተባላችሁ፣ ማደያ ሄዳችሁ ሳትሞሉ ሂሳቡን አትዝጉ።